ጥያቄና መልስ፦ ፍራንቻይዝ ምግብ ቤት ሲከፈት የሥልጠናውን ወጪ ማን ይሸከማል?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖሩ ብዙ አንባቢዎቻችን በታክሲ፣ በነዳጅ ማደያና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ወደ ፍራንቻይዝ ምግብ ቤት፣ ማለትም የአንድን ኩባንያ ስምና አሠራር በክፍያ ወስዶ ወደሚከፈት ምግብ ቤት፣ ፊታቸውን እያዞሩ ነው። ከእነርሱ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የሥልጠና ክፍያን የሚመለከቱትን መርጠን በዚህ እትም መልስ ሰጥተንባቸዋል። መልሶቹ ጠቅላላ ግንዛቤ የሚሰጡ በመሆናቸው ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት የፍራንቻይዝ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሰነዱን ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ እኔና ሁለት ወንድሞቼ በእቁብና በቁጠባ ያገኘነውን ገንዘብ አዋጥተን አንድ የዶሮ ሳንድዊች ፍራንቻይዝ ለመክፈት ከኩባንያው ጋር እየተነጋገርን ነው። የኩባንያው ሻጭ «የመነሻ ክፍያው 35 ሺህ ዶላር ነው፤ ሥልጠናው እዚያው ውስጥ ስለተጠቃለለ ሌላ የምትከፍሉት የለም» ብሎናል። በተሰጠን ሰነድ ላይ ግን ስለ ሥልጠና ክፍያ የሚናገር ነገር በተለያዩ ቦታዎች ተጽፎ አየን። ሻጩ የነገረን እውነት ነው? ለሥልጠናስ ምን ያህል ገንዘብ መያዝ ይኖርብናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አልችልም፤ የነገራችሁ ግን ከወጪው ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። «ሥልጠናው ተጠቃልሏል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃለለው የትምህርቱ ዋጋ ነው፤ እሱም ቢሆን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ዙር ብቻ። የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል፣ የምግብና የመጓጓዣ ወጪ፣ የሠልጣኞች ደመወዝ፣ እናንተም ሥራችሁን ትታችሁ የምትሠለጥኑባቸው ሳምንታት ገቢ ከእናንተው ኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ለሥልጠና የሚያስከፍለውን ብቻ ሳይሆን፣ ሥልጠናው ተጠናቆ ምግብ ቤቱ የመጀመሪያውን ደንበኛ እስኪያስተናግድ ድረስ በአጠቃላይ ምን እንደሚያስወጣችሁ ማስላት ይገባችኋል።

ነገሩን ከሕጉ እንጀምር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው የፍራንቻይዝ ደንብ መሠረት ማንኛውም ፍራንቻይዝ ሰጪ ኩባንያ፣ ገዢው ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀናት አስቀድሞ 23 ክፍሎች ያሉት የመግለጫ ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት። እናንተ ያያችሁትም ይህንኑ ሰነድ መሆን አለበት። ስለ ሥልጠና በተለያየ ቦታ የተጻፈው በስህተት አይደለም። ክፍል 5 ምግብ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ለኩባንያው የሚከፈለውን የመነሻ ክፍያ፣ ተመላሽ መሆን አለመሆኑንም ጭምር ይዘረዝራል። ክፍል 6 ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ሌሎች ክፍያዎች በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ለተጨማሪ ሠልጣኝ፣ ለድጋሚ ሥልጠና ወይም ለዓመታዊ ስብሰባ የሚጠየቀው ገንዘብ ተደብቆ የሚገኘው እዚህ ነው። ክፍል 7 ለመክፈቻ የሚያስፈልገውን ጠቅላላ ገንዘብ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ይገምታል፤ «በሥልጠና ወቅት የጉዞና የመኖሪያ ወጪ» የሚል መስመርም ይኖረዋል። ክፍል 11 ደግሞ ሥልጠናውን ራሱን ይገልጻል። አራቱን ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ካላነበባችሁ በስተቀር እውነተኛው ሒሳብ አይታያችሁም።

ክፍል 11 ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው። እዚያ ያለው ሠንጠረዥ አራት ዓምዶች አሉት፤ የትምህርቱ ርዕስ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጥበት ሰዓት፣ በሥራ ላይ የሚሰጥበት ሰዓት እና ቦታው። ለምሳሌ አንዱ መስመር «የጥብስ ሥራ፤ በመማሪያ ክፍል ውስጥ 2 ሰዓት፤ በሥራ ላይ 24 ሰዓት፤ ኩባንያው በሚመርጠው ምግብ ቤት» ሊል ይችላል። በዚህ መስመር ውስጥ ዋጋ ያለው የመጨረሻው ዓምድ ነው። «ኩባንያው በሚመርጠው» ማለት ከቤታችሁ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል፤ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳም ሊሆን ይችላል። የመማሪያ ክፍሉንና የሥራ ላይ ሰዓቶቹን ደምራችሁ ለ40 ስታካፍሉ ስንት ሳምንት ከቤት ርቃችሁ እንደምትቆዩ ይወጣላችኋል፤ ያንን ቁጥር ሥልጠናው በሚሰጥበት ከተማ ባለው የአንድ ሳምንት የሆቴል ዋጋ አባዙትና የክፍል 7 ግምት ይበቃ እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ። ኩባንያው በዚሁ ክፍል ሥልጠናው ስንት እንደሚያስከፍል፣ የጉዞና የመኖሪያ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ እነማን የግድ መሠልጠን እንዳለባቸው፣ ሥልጠናው ከመክፈቻው ምን ያህል ቀድሞ መጠናቀቅ እንዳለበትና ኩባንያውን በሚያረካ ሁኔታ መጨረስ ግዴታ መሆን አለመሆኑን የመግለጽ ግዴታ አለበት።

ከፍ ያለ ስም ያላቸው ኩባንያዎችም ከዚህ አይለዩም። ማክዶናልድስ በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢሊኖይ ውስጥ «ሃምበርገር ዩኒቨርሲቲ» የተባለውን የማሠልጠኛ ተቋሙን ያቋቋመ፣ ሥልጠናን የንግዱ የጀርባ አጥንት ያደረገ ኩባንያ ነው፤ ሆኖም ባለቤት ለመሆን የሚያመለክት ሰው ለወራት ሲሠለጥን ደመወዝ አይከፈለውም። የትምህርት ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለም።

አሁን ወደ ሠራተኞቻችሁ እንምጣ። ሥልጠና የሚያስፈልገው ባለቤቱና ሥራ አስኪያጁ ብቻ አይደሉም፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ጠባሹ፣ ገንዘብ ተቀባዩና ሳንድዊች አዘጋጁ ሁሉ መሠልጠን አለባቸው፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈላቸዋል። 12 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 40 ሰዓት ቢሠለጥኑና በሰዓት 15 ዶላር ብትከፍሏቸው ደመወዙ ብቻ 7,200 ዶላር ይደርሳል። በዚህ ላይ አሠሪ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ 7.65 በመቶ ስለሆነ ሌላ 550 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይጨመራል። 15 ዶላር ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በሜሪላንድ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን የራሱ ከፍ ያለ ተመን ስላለው የእናንተ ሒሳብ ከዚህ ይበልጣል። ለልምምድ ተጠብሶ የሚጣለው ዶሮ፣ ዘይቱና ዳቦውም የሚገዛው በእናንተ ገንዘብ ነው።

ብዙ ኩባንያዎች በመክፈቻው ሳምንት አንድ ወይም ሁለት አሠልጣኞችን ወደ አዲሱ ምግብ ቤት ይልካሉ። ይህ በእርግጥም የሚጠቅም ድጋፍ ነው፤ የአሠልጣኞቹን ትኬትና ሆቴል ማን እንደሚከፍል፣ ከተወሰኑት ቀናት በላይ ቢቆዩ የቀን ክፍያ ይጠየቅ እንደሆነ ግን በክፍል 6 ፈልጉ። እዚህ ላይ ሰዎች ገንዘብ የሚያጡበት ዋናው መንገድ የቀን ስሌት ነው። የግንባታ ፈቃድ ይዘገያል፤ የጋዝ መስመር አይገባም፤ የጤና ተቆጣጣሪው የእጅ መታጠቢያው ቦታ ይቀየር ብሎ ይመለሳል። ሠራተኛ ቀጥራችሁ፣ አሠልጥናችሁ፣ የኩባንያው አሠልጣኞች ትኬት ከተቆረጠ በኋላ መክፈቻው በአንድ ወር ቢገፋ ከሠለጠኑት ከፊሎቹ ሌላ ሥራ ያገኛሉ፤ ወጪውም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለሆነም የተራ ሠራተኞችን ሥልጠና የጤና ምርመራውና የመገልገያ ፈቃዱ ቀን ተቆርጦ ከመታወቁ በፊት አትጀምሩ፤ ኩባንያውም የመክፈቻ ቀን በእናንተ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ቢዘገይ የአሠልጣኞቹን ጉዞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያዛውር በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

እናንተ ሦስት ወንድማማቾች ስለሆናችሁ ሌላም ልታስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ከመካከላችሁ አንዱን ኃላፊ ባለቤት አድርጎ ይመዘግባል፤ የሚሠለጥነውም እሱ ይሆናል። ያ ወንድም ነገ ታምሞ ቢተኛ፣ ወደ ሌላ ግዛት ቢሄድ ወይም በቤተሰብ ጉዳይ ተለያይታችሁ ቢወጣ ምግብ ቤቱ የሠለጠነ ኃላፊ የሌለው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በብዙ ውሎች እንደ ውል መጣስ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ዙር፣ ክፍያው ባልተጨመረበት ጊዜ፣ ሁለት ወንድሞች አብረው ቢሠለጥኑ ከኋላ ጥድፊያ ትድናላችሁ። ሦስታችሁ በመካከላችሁ በምትጽፉት የሽርክና ስምምነት ላይም ሠልጣኙ ወንድም ለሠለጠነባቸው ሳምንታት ያጣውን ገቢ ሽርክናው ይተካለት እንደሆነ አስቀምጡ። ይህ ጉዳይ ሳይነሣ ታልፎ የወንድማማች ቅሬታ የሆነባቸው ቤተሰቦች አሉ።

የሥራ አስኪያጅ መለዋወጥም ቀላል ነገር አይደለም። በምግብ ቤት ሥራ ሥራ አስኪያጅ ብዙ ጊዜ አይረጋም፤ አዲስ የመጣው ሁሉ በኩባንያው መሠልጠን ካለበት የሥልጠና ክፍያ በመክፈቻው የሚያበቃ ሳይሆን በየጊዜው የሚመለስ ወጪ ይሆናል። በክፍል 6 ላይ «በወቅቱ ባለው የኩባንያው ተመን» የሚል ሐረግ ካገኛችሁ ኩባንያው ዋጋውን ወደፊት እንደፈለገ ሊያሳድገው ይችላል ማለት ነው። ጣራ እንዲበጅለት ጠይቁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የውላቸውን ቃል አይለውጡ ይሆናል፤ ገና በማደግ ላይ ያሉት ግን በእንዲህ ያለ ነጥብ ላይ ይደራደራሉ።

ሻጩ በቃሉ የነገራችሁን በተመለከተ፣ የፍራንቻይዝ ውሎች መጨረሻ አካባቢ «ከዚህ ጽሑፍ ውጪ የተሰጠ ተስፋ አያስገድድም» የሚል አንቀጽ ሁልጊዜ አይታጣም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ «ሌላ የምትከፍሉት የለም» ያለውን በኢሜይል እንዲደግምላችሁ፣ ከዚያም በውሉ አባሪ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁት። እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል። በተቃራኒው ደግሞ በመግለጫ ሰነዱ ላይ ያልተጠቀሰ የሥልጠና ክፍያ ከፊርማ በኋላ ከመጣባችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት መመሪያ፣ አስቀድሞ ያልተገለጸ ክፍያ በፍራንቻይዝ ገዢዎች ላይ መጫን ሕገ ወጥ መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል።

የሜሪላንድ ነዋሪ መሆናችሁ አንድ ጥቅም አለው። በፌዴራል ደረጃ ሰነዱን አስቀድሞ የሚመረምር መንግሥታዊ አካል የለም፤ በሜሪላንድ ግን ፍራንቻይዝ ከመሸጡ በፊት በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጽሕፈት ቤት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ክፍል መመዝገብ አለበት። መዝጋቢው የኩባንያው የገንዘብ አቅም ደካማ መሆኑን ካየ፣ ኩባንያው ሥልጠናን ጨምሮ ከመክፈቻ በፊት የገባውን ግዴታ እስኪፈጽም ድረስ የመነሻ ክፍያውን እንዳይቀበል ሊያደርግ ይችላል። በሰነዱ መጨረሻ ያለውን የሜሪላንድ አባሪ ገልጣችሁ እንዲህ ያለ የክፍያ ማዘግያ መኖሩን እዩ፤ ካለ ገንዘባችሁን ይጠብቅላችኋል፤ ኩባንያው በገንዘብ ጠንካራ አለመሆኑንም ይነግራችኋል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የበርገሪምን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። የፌዴራል መንግሥት በየካቲት 2022 በዚህ የሃምበርገር ፍራንቻይዝ ኩባንያ ላይ በመሠረተው ክስ፣ ኩባንያው ከ1,500 ለሚበልጡ ሰዎች ፍራንቻይዝ ሸጦ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከእያንዳንዳቸው እንደሰበሰበ፣ አብዛኞቹ ግን ምግብ ቤታቸውን ጨርሶ እንዳልከፈቱ ገልጿል። ልምድ የሌላቸው ሰዎች «ሁሉን ነገር እናሠለጥናችኋለን፣ እናግዛችኋለን» የሚል ተስፋ ሲሰጣቸው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታለሉ ሳስብ እጅግ ያሳዝነኛል።

ከመወሰናችሁ በፊት የመጨረሻውን ማጣሪያ በክፍል 20 ታገኙታላችሁ። እዚያ አሁን በሥራ ላይ ያሉትና ባለፈው ዓመት የወጡት ፍራንቻይዝ ገዢዎች አድራሻ ተዘርዝሯል። ደውሉላቸው። «ሥልጠናው ጥሩ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው «አዎ» ከማለት በስተቀር የሚነግሯችሁ ነገር ላይኖር ይችላል፤ «ከመክፈታችሁ በፊት ለሥልጠና በጠቅላላው ስንት አወጣችሁ? በሰነዱ ከተገመተው በምን ያህል በለጠ? አሠልጣኞቹ ስንት ቀን ቆዩ? ሠልጥኖ ያላለፈ ሰው ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወጡት ሰዎች የምታገኙት መልስ በሥራ ላይ ካሉት የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ስለ ግብርም በአጭሩ ልጨምር። ከመክፈቻ በፊት ለሠራተኞች ሥልጠና የወጣው ገንዘብ የንግድ ማስጀመሪያ ወጪ ነው፤ ሥራው በተጀመረበት ዓመት እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ይቀነሳል፤ ጠቅላላው የማስጀመሪያ ወጪ ከ50,000 ዶላር ካለፈ ይህ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቀሪው በ180 ወራት ይከፋፈላል። ለፍራንቻይዙ የተከፈለው የመነሻ ክፍያ ግን በ15 ዓመት የሚከፋፈል ነው። ስለዚህ የሥልጠና ደረሰኞቻችሁን ለብቻ አስቀምጡ፤ ሒሳብ ባለሙያችሁ ከመነሻ ክፍያው ጋር እንዳይቀላቅላቸውም ንገሩት።

ጥያቄ፦ አንድ የማውቀው የአገራችን ሰው በሥራ ላይ ያለ የሳንድዊች ፍራንቻይዙን ሊሸጥልኝ ተስማምተናል። «እኔ ራሴ አንድ ወር አብሬህ ቆሜ አሳይሃለሁ፤ ለኩባንያው የሥልጠና ክፍያ መክፈል አያስፈልግህም» ይለኛል። ይቻላል? (ከፎልስ ቸርች፣ ቨርጂንያ)

መልስ፦ ወዳጅዎ በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይህን ለመወሰን ሥልጣን የላቸውም። ሻጩ የሚሸጡልዎ ዕቃውንና ንግዱን ነው፤ ስሙ የኩባንያው ስለሆነ ዝውውሩን የሚያጸድቀው ኩባንያው ነው። በአብዛኛው ኩባንያዎቹ ለማጽደቅ የዝውውር ክፍያ ይጠይቃሉ፤ አዲሱ ባለቤት ሥልጠናውን እንዲያጠናቅቅም ያስገድዳሉ። ሥልጠናው በዝውውር ክፍያው ውስጥ የተካተተ ወይም ለብቻው የሚከፈል መሆኑን ለማወቅ የሻጩን ውል የዝውውር አንቀጽ ያንብቡ፤ ከኩባንያው ደግሞ ወቅታዊውን የመግለጫ ሰነድ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚፈርሙት የሻጩን አሮጌ ውል ሳይሆን አዲስ ውል ስለሆነ ሮያሊቲውም (ለኩባንያው በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ) ሆነ የሥልጠናው ተመን ሻጩ ከሚያውቁት የተለየ ሊሆን ይችላል።

የወዳጅዎ አንድ ወር ግን ዋጋ አለው፤ አይናቁት። የኩባንያው ሥልጠና ሳንድዊቹ እንዴት እንደሚሠራና ማሽኑ እንዴት እንደሚጸዳ ያስተምራል፤ የትኛው አቅራቢ ማክሰኞ እንደሚያረፍድ፣ የትኛው ሠራተኛ ቁልፍ ሊያዝ እንደሚገባ፣ አከራዩ በምን እንደሚያስቸግር የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው። በሽያጭ ውሉ ላይ ስንት ሳምንት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት አብረዎ እንደሚሠሩና ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው ያ ጊዜ እስኪያልቅ በሦስተኛ ወገን ተይዞ እንዲቆይ ያስጽፉ። በወዳጅነት መካከል እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ ሳይነሣ ቀርቶ ከሽያጩ ማግስት ስልክ የማይነሣበት ወዳጅነት ግን የበለጠ ያሳዝናል።

ዋጋ ስትደራደሩም የዝውውርና የሥልጠና ክፍያውን ማን እንደሚከፍል ይነጋገሩ። ሕጉ ገዢው ይክፈል አይልም፤ ሻጩ ሙሉውን ወይም ግማሹን እንዲሸፍኑ መስማማት ይቻላል። ሥልጠናውን ሳያልፉ ቢቀሩ ሽያጩ ፈርሶ ቀብድዎ እንዲመለስ የሚያደርግ አንቀጽም አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ አዲስ በሚከፈት ፍራንቻይዝ ምግብ ቤት ተቀጥሬ ለሁለት ሳምንት ሠለጠንኩ። ባለቤቱ «ሥልጠና ላይ ስለነበርሽ ደመወዝ የለውም» አለኝ፤ በኋላም ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ የምግብ ንጽሕና ፈተና ክፍያ ቆረጠብኝ። ይህ ትክክል ነው? (ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀች አንባቢ)

መልስ፦ አይደለም። በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ የሥልጠና ሰዓት ያለ ክፍያ ሊቀር የሚችለው አራት ነገሮች ሁሉም ሲሟሉ ብቻ መሆኑን በደንቡ አስቀምጧል፤ ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጪ ሲሆን፣ በፈቃደኝነት ሲሆን፣ ከሥራው ጋር ግንኙነት ከሌለውና በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ ካልተሠራ። ሳንድዊች ለመሥራት ተቀጥረሽ ሳንድዊች መሥራት ስትሠለጥኚ ሥልጠናው ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አራቱ በአንድነት አይሟሉም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሳምንታት ቢያንስ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ሊከፈሉሽ ይገባል። ባለቤቱ ለኩባንያው የከፈለው የሥልጠና ወጪ ስለከበደው ወደ ሠራተኛው ማሻገር አይችልም። ለፈተናው የተቆረጠውም ቢሆን ደመወዝሽን ከዝቅተኛው ክፍያ በታች ካወረደው ሕገ ወጥ ነው፤ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2024 ጀምሮ የምግብ አያያዝ ካርዱን ወጪ ሙሉ በሙሉ አሠሪው እንዲሸፍን አድርጓል።

የመጣሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ከማስታወስሽ ሳይጠፋ በወረቀት ጻፊ፤ የስልክ መልእክቶችን አስቀምጪ። መጀመሪያ ባለቤቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ካልመለሰ ለፌዴራል የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል አቤት በይ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ሁኔታ የሠራሽበትን ከመጠየቅ አያግድሽም፤ አቤት ስላልሽ ማባረርም የተከለከለ ነው። አቤቱታው በመደበኛው በሁለት ዓመት፣ አሠሪው እያወቀ ካደረገው በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት አትዘግዪ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለኝ። የአክስቴ ልጅ በባልቲሞር በእኔ ምግብ ቤት ስም ሌላ ሊከፍት ይፈልጋል። ስሙን በነጻ ልሰጠው፣ ለሁለት ወር የምግብ አዘገጃጀቱንና የአሠራሩን ሥልጠና ለመስጠት ግን 20 ሺህ ዶላር ላስከፍለው ተስማምተናል። ፍራንቻይዝ ስላልሸጥኩለት የተለየ ሰነድ አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። የአገራችን ምግብ ቤቶች በብዙ ከተሞች እየተስፋፉ ባሉበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው። በፌዴራሉ ደንብ አንድ ስምምነት ፍራንቻይዝ የሚባለው ውሉ ላይ «ፍራንቻይዝ» ተብሎ ስለተጻፈ አይደለም፤ ሦስት ነገሮች ከተገኙ ነው። አንደኛው የንግድ ስም ወይም ምልክት መስጠት፣ ሁለተኛው በአሠራሩ ላይ ጉልህ ቁጥጥር ማድረግ ወይም ጉልህ እገዛ መስጠት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወይም በጀመረ በስድስት ወር ውስጥ የሚጠየቅ አስገዳጅ ክፍያ ነው። ስምዎን ሰጥተዋል። የሁለት ወር የአሠራር ሥልጠና ጉልህ እገዛ ነው። ለሥልጠናው የሚያስከፍሉት 20 ሺህ ዶላር ደግሞ ምንም ስም ቢሰጡት ሦስተኛውን ያሟላል። ስሙን በነጻ ሰጥቶ ሥልጠናውን ማስከፈል ሕጉን አያልፍም፤ ፍራንቻይዝ ሰጪ የሚያደርግዎ ይኸው የሥልጠና ክፍያ ነው።

ምግብ ቤቱ የሚከፈተው ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ ያለ ምዝገባና ያለ መግለጫ ሰነድ ከሄዱበት፣ ንግዱ ባይሳካ የአክስትዎ ልጅ ገንዘቡን እንዲመልሱለት ሊከስዎ ይችላል፤ በፌዴራል በኩል ለአንድ ጥሰት የሚጣለው ቅጣትም ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ዘመድ መሆኑ ሕጉን አይለውጠውም። ያውም በቤተሰብ መካከል የተደረገ ውል ሲፈርስ የሚጎዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

የሚመርጡት መንገድ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። ንግድዎን በእርግጥ ለማስፋፋት ካሰቡ በፍራንቻይዝ ጠበቃ አማካይነት ሰነዱን አዘጋጅተው ይመዝገቡ፤ ወጪው ቀላል ባይሆንም ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቅርንጫፍም ይጠቅምዎታል። ወይም ደግሞ በባልቲሞሩ ምግብ ቤት እርስዎም የካፒታልና የሥራ አመራር ድርሻ ይዘው እውነተኛ ሸሪክ ይሁኑ፤ ይህም ቢሆን በጠበቃ መታየት አለበት። ለሁለታችሁም ይቀላል የምለው ግን ሦስተኛው ነው፤ የአክስትዎ ልጅ ምግብ ቤቱን በራሱ ስም ይክፈት፤ እርስዎ ስምዎንና ምልክትዎን ሳይሰጡ ሙያውን ብቻ አስተምረው የሚገባዎትን ይቀበሉ። ስሙ ከሌለ ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱ ስለሚጎድል በፌዴራሉ ደንብ ፍራንቻይዝ አይሆንም። በርበሬውንና የጤፍ ዱቄቱን ከእርስዎ እየገዛ እንዲሠራ ከፈለጉም፣ ለሽያጭ በሚያስፈልገው መጠንና በትክክለኛ የጅምላ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ደንቡ እንደ ፍራንቻይዝ ክፍያ ስለማይቆጥረው ከዚያ ትርፍ ማግኘት ይችላሉ። የሥልጠናው ውል ላይም ስንት ሰዓት እንደሚሰጡ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያሠለጥኑ፣ የአክስትዎ ልጅ ሠራተኛ ቢለዋወጥበት ድጋሚ ሥልጠናው በስንት እንደሚሰጥና የምግብ ቤትዎን ስም በበሩም ሆነ በማስታወቂያው ላይ እንደማይጠቀም በግልጽ ይጻፉ።